የትኛው ስታኒስላቭስኪ? የአንድ የትወና መምህር ውርስና ውርሱን ያሳደዱ ተመራማሪዎች

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል ከቀረበ በኋላ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የተገለበጠ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)



በየትወና ትምህርት ቤቱ የሚታወቅ አንድ ልምምድ አለ። ተማሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ በሕይወቱ ያጋጠመውን መራራ ሐዘን፣ ብዙ ጊዜም የቅርብ ዘመዱን ሞት፣ ከነሽታው፣ ከነድምፁ፣ ከነብርሃኑ እንዲያስታውስ ይጠየቃል። እንባ ሲመጣ ልምምዱ ተሳካ ይባላል። ተማሪው ለምን ብሎ ቢጠይቅ በመልስነት የሚሰጠው አንድ ስም ነው፤ ስታኒስላቭስኪ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይህ ስም እንዲህ ላለው ልምምድ ማኅተም ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን የሚያርፈው በሕያው ሰው ላይ ነው።

ጥያቄውን አስቸጋሪ የሚያደርገው በዚህ ስም ሥር ቢያንስ ሦስት ሰዎች ተደርበው መገኘታቸው ነው። አንደኛው ኒው ዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ የታተመው ስታኒስላቭስኪ ነው። ሁለተኛው ሞስኮ ላይ በሶቪየት አሳታሚዎችና ሹማምንት ዓይን ሥር አልፎ የታተመው ነው። ሦስተኛው በመጨረሻ ዓመታቱ በቤቱ ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር ሲሠራ የነበረው፣ በራሱ እጅ ወደ ተሟላ መጽሐፍ ያልተለወጠው ነው። በብሪታንያ፣ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በማልታና በራሷ በሩሲያ ያሉ ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት የደከሙት እነዚህን ሦስቱን አንዱን ከሌላው ለመለየት ነው። «ስታኒስላቭስኪ እንዳለው» ስንል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው አንድን እትም እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ በዚህ ገለጻ ላስረዳ የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

የሕይወት ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛልና። ኮንስታንቲን ሰርጌየቪች አሌክሴየቭ በ1863 ሞስኮ ውስጥ የወርቅና የብር ክር ከሚያመርት ባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ስታኒስላቭስኪ የመድረክ ስሙ ነው። በ1897 ከቭላዲሚር ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር ስላቭያንስኪ ባዛር በተባለው ምግብ ቤት ተገናኝተው ለረጅም ሰዓታት ተነጋገሩ፤ በማግሥቱ ዓመት የሞስኮ አርት ቴአትር ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የቼኾቭ «ሲጋል» ቀርቦ የቴአትሩን ስም አስጠራ። በ1906 ግን ይህ ዝነኛ ተዋናይ በራሱ ትወና ተሠላቸ። ለዓመታት የተጫወታቸው ገጸ ባሕርያት በአካሉ ላይ ቀርተው ከልቡ እንደወጡ ተሰማው። እጁ፣ እግሩና ፊቱ የለመዱትን ይሠራሉ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ለእረፍት ፊንላንድ በሄደበት ወቅት መጻፍና መመርመር የጀመረው ይህን ባዶነት ነው። «ሥርዓት» ብለን የምንጠራው ሁሉ የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ስለሆነ፣ መነሻው ተዋናይን ከመድከም ማዳን እንጂ ማስለቀስ አልነበረም።

በ1912 «አንደኛ ስቱዲዮ» የተባለው የሙከራ ክፍል በሌዎፖልድ ሱለርዢትስኪ ረዳትነት ተቋቋመ። ቫኽታንጎቭ፣ የቼኾቭ ወንድም ልጅ ሚካኤል ቼኾቭ፣ ሪቻርድ ቦለስላቭስኪ፣ ማሪያ ኡስፔንስካያ የተገኙት ከዚያ ነው። በዚህ ዘመን ስታኒስላቭስኪ የፈረንሳዊውን የሥነ ልቦና ሊቅ የቴዎዱል ሪቦን ጽሑፎች ያነብ ነበር፤ ስሜት እንደ ሽታና እንደ ድምፅ ሊታወስ ይችላል የሚለው ሐሳብም ማርኮት ነበር። በመግቢያዬ የጠቀስሁት ልምምድ ሥር እዚህ ነው። ሐሰት አይደለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ወቅት እውነት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የሚወስነው የመርከብ ጉዞ ነው። የሞስኮ አርት ቴአትር በ1923 እና በ1924 በአሜሪካ ተዘዋውሮ ሲያሳይ፣ ከሩሲያ ቀደም ብሎ የወጣው ቦለስላቭስኪ ኒው ዮርክ ላይ ስለ ሥርዓቱ ገለጻ ይሰጥ ጀመር፤ የአሜሪካ ላቦራቶሪ ቴአትር የተባለውንም ትምህርት ቤት ከፈተ። ሊ ስትራስበርግ፣ ስቴላ አድለርና ሃሮልድ ክለርማን ከዚያ ተማሩ። እነርሱ የተቀበሉት እንግዲህ የአንደኛው ስቱዲዮ ዘመን ስታኒስላቭስኪን ነው። መምህሩ ሞስኮ ተመልሶ ሐሳቡን እየለወጠ ሲሄድ፣ በአሜሪካ የቀረው ትምህርት ባለበት ቆሞ ሥር ሰደደ። ክለርማን፣ ስትራስበርግና ቸርል ክሮፎርድ በ1931 ግሩፕ ቴአትርን ሲመሠርቱ የስሜት ትዝታ ልምምድ የቤቱ ምሰሶ ነበር።

በ1934 ስቴላ አድለር ፓሪስ ላይ ስታኒስላቭስኪን አግኝታ ለአምስት ሳምንታት ያህል ከእርሱ ጋር ሠራች። ይዛ የተመለሰችው ዜና ቡድኑን አናጋ፦ መምህሩ አሁን ትኩረቱ ተውኔቱ በሚሰጠው ሁኔታና በተግባር ላይ ነው። ስትራስበርግ አልተቀበለውም። የዚያ ቀን ክርክር በአሜሪካ ትወና ታሪክ እስከ ዛሬ የሚታይ ስንጥቅ ነው፤ ስትራስበርግም በኋላ ከግሩፕ ቴአትር ወጥቶ በ1951 የአክተርስ ስቱዲዮ መሪ ሆነ። እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ እለያለሁ። ታሪኩ ዘወትር የሚነገረው አድለር እውነቱን አምጥታ ስትራስበርግ እንዳልሰማ ተደርጎ ነው። ይሁንና ስታኒስላቭስኪ በ1938 በሩሲያኛ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ስሜት ትዝታ ሙሉ ምዕራፍ አለ። እርግፍ አድርጎ አልተወውም። የለወጠው መንገዱን ነው፤ ስሜትን በቀጥታ አንቆ ከማውጣት ይልቅ በተግባርና በምናብ እያባበሉ ማምጣትን መረጠ። አድለርም ስትራስበርግም ከአንድ እያደገ ካለ ዛፍ የተለያየ ዓመት ቅርንጫፍ ቆርጠው ይዘው ነበር ብንል ይሻላል።

ወደ መጽሐፎቹ ልምጣ፤ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚህ ነውና።

ሶቪየት ኅብረት በዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት ውስጥ አልነበረችም። በሩሲያኛ አስቀድሞ የታተመ መጽሐፍ በውጭ ማንም ሊያትመው ይችል ነበር። ስታኒስላቭስኪ ደግሞ በአብዮቱ ሀብቱን ያጣ፣ የታመመ ልጅ የሚያስታምም አባት ነበር፤ የመጽሐፉ ገቢ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ከአሜሪካዊቷ ተርጓሚ ኤልዛቤት ሃፕጉድ ጋር ተዋውሎ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ እንዲቀድም አደረገ። የመጀመሪያው ክፍል በ1936 ኒው ዮርክ ላይ ታተመ። የሩሲያኛው እትም የወጣው በ1938፣ እርሱ ነሐሴ ወር ላይ ካረፈ ከሳምንታት በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መካከል ሽማግሌው እርማቱን አላቆመም ነበር። በዚህ ላይ ሃፕጉድና አሳታሚዎቿ ለአሜሪካ አንባቢ ረዘመ ያሉትን ብዙ ገጽ ቆርጠዋል። እንግዲህ ያው መጽሐፍ የሚመስሉን ሁለት መጻሕፍት ናቸው።

የተቆረጠው ምን ነበር? መጽሐፉ የተጻፈው በተማሪ ማስታወሻ መልክ ነው። ተማሪው ኮስትያ ናዝቫኖቭ ይጽፋል፤ መምህሩ ቶርትሶቭ ያስተምራል። ስታኒስላቭስኪ ሁለቱም ነው፤ የሚጠራጠረው ጎረምሳም፣ የሚመልሰው ሽማግሌም። በሩሲያኛው ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያኮርፋሉ፣ መምህሩም ተመልሶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። በእንግሊዝኛው ክርክሩ አጥሮ መልሱ ቀረ። የሚጠይቅ መጽሐፍ የሚያዝ መጽሐፍ ሆነ። ስታኒስላቭስኪ ቀኖና ጻፈ የሚለው ስሞታ በከፊል የመቀስ ውጤት ነው።

የቃላቱ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በሩሲያኛ «ዛዳቻ» የሚለው ቃል የትምህርት ቤት ልጅ ከሒሳብ ደብተሩ ላይ የሚፈታውን ጥያቄ የሚያመለክት ተራ ቃል ነው። ሃፕጉድ «ኦብጀክቲቭ» ብላ ተረጎመችው፤ እኛም ከእርሷ ተቀብለን «ዓላማ» አልነው። ዓላማ ሩቅ ነው። ተማሪን «የገጸ ባሕርይህ ዓላማ ምንድን ነው?» ብትሉት «ሥልጣን» ወይም «ፍቅር» ብሎ ይመልሳል፤ በሥልጣን ግን መድረክ ላይ ምንም ማድረግ አይቻልም። «አሁን፣ እዚህ፣ የትኛውን ችግር ልትፈታ ነው የገባኸው?» ብትሉት በሩን ይዘጋል፤ ወንበሩን ይስባል፤ ደብዳቤውን ይደብቃል። ትወና ይጀምራል።

«ኩሶክ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሩሲያዊ ዳቦ ሲቆርስ ኩሶክ ይላል፤ በእኛ ቁራሽ ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ አንጋፋ ተዋናይ በእራት ገበታ ላይ የተጠበሰ ዶሮ የሚመስል ትልቅ ወፍ እየቆራረጠ ለልጆች ሲያድል፣ ተውኔትም እንዲሁ በአንዴ እንደማይዋጥ፣ በቁራሽ በቁራሽ እንደሚበላ ያስረዳል። እንግሊዝኛው «ዩኒት» አለው። ከማዕድ ወደ መሐንዲስ ጠረጴዛ ተሻገረ። (በአሜሪካ ልምምድ ክፍሎች «ቢት» የሚባለው ቃል ሩሲያውያን መምህራን የእንግሊዝኛውን ቁራሽ በራሳቸው አነጋገር ስለጠሩት የመጣ ነው ይባላል። ወግ ነውና እንደ ወግ ልለፈው።) ጉርሻ የሚያውቅ ሕዝብ «ዩኒት» ከሚል መዋሱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከሁሉም የሚከብደው «ፔሬዢቫኒዬ» ነው። በቃሉ ውስጥ «መኖር» አለ፤ ከፊቱ ደግሞ አንድን ነገር ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥን የሚያሳይ ምዕላድ ተቀጥሏል። እንግሊዝኛው አንዴ በአንድ ሐረግ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ እየተረጎመው ቁልፍ ቃል መሆኑ ተሰወረ። አማርኛ ግን አቻው ያለው ይመስለኛል፤ «ማሳለፍ»። ስለ አንድ ሰው «ብዙ አሳልፏል» ስንል ተሰማው ማለታችን ብቻ አይደለም፤ ገብቶበት ወጣ ማለታችን ነው። ተዋናይ ሐዘኑን ያሳልፋል እንጂ ሐዘኑ ውስጥ አይቀርም። የመጣሁበት ልምምድ የሚያጎድለው ይህንን መውጫ ነው።

የጊዜ ርቀቱንም ልብ በሉ። ስታኒስላቭስኪ ስለ ተዋናይ ውስጥና ስለ ተዋናይ አካል፣ ድምፅና ንግግር አብሮ ማውጣትን ይመኝ ነበር። ሥራው ስለገዘፈ ለሁለት ተከፈለ። የውስጡ ክፍል በእንግሊዝኛ በ1936 ወጣ፤ የአካሉና የድምፁ ክፍል በ1949፤ ስለ ገጸ ባሕርይ አሠራር የሚናገረው ሦስተኛው በ1961። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 13 ዓመት አለ። የአክተርስ ስቱዲዮ በ1947 ሲመሠረት ሁለተኛው መጽሐፍ ገና አልታተመም። አንድ ትውልድ ግማሹን መጽሐፍ ሙሉ አድርጎ ተማረ፤ ስታኒስላቭስኪ ማለት ውስጥ ማለት ነው ብሎም አመነ።

ታዲያ ሩሲያኛውን ብቻ እናምናለን ወይ? ይህም ወጥመድ ነው። ስታኒስላቭስኪ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ዘና ማለትና ስለ ትኩረት ሲያስተምር ከዮጋ መጻሕፍት ወስዶ ነበር፤ በማስታወሻዎቹ ውስጥም «ፕራና» የሚለው ቃል ይገኝ ነበር። በሶቪየት እትም ቦታውን «ኢነርጂ» የሚለው ቃል ወሰደ። ስለ ንዑስ ኅሊናና ስለ ነፍስ የሚናገሩት ቃላትም ቁሳዊ ፍልስፍና መመሪያ በሆነበት ዘመን ተጠርጣሪዎች ነበሩ። የረጅም ዘመን ወዳጁና አርታኢው ሊዩቦቭ ጉሬቪች በዘመኑ ሊያልፉ ስለማይችሉ ቃላት ታስጠነቅቀው ነበር። ስለዚህ እንግሊዝኛው በገበያ ተቆረጠ፤ ሩሲያኛው በሥልጣን ተጠረበ። አንዱ ሌላውን ሊያርም ይችላል እንጂ አንዳቸውም ዳኛ ሊሆኑ አይችሉም። በሶቪየት ኅብረት ከ1954 እስከ 1961 የታተሙት ስምንት ቅጾችም ይህንኑ ጠባይ ወርሰዋል። ከ1988 ጀምሮ መታተም የጀመረው ዘጠኝ ቅጽ ያለው እትም ነው ብዙውን በር የከፈተው።

ሦስተኛው ስታኒስላቭስኪ የሚገኘው ሌዎንቲየቭስኪ በተባለው ጠባብ መንገድ ላይ ካለው ቤቱ ነው። በ1928 በቴአትሩ 30ኛ ዓመት በዓል ላይ መድረክ ላይ ሳለ ልቡ ታመመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተወነም። በ1935 የኦፔራና የድራማ ስቱዲዮ ከፍቶ ወጣቶችን በቤቱ ያስተምር ጀመር። በዚህ ወቅት የሠራው ነገር ቀላል ይመስላል። ተዋንያን ጠረጴዛ ከብበው ለወራት ማንበባቸውን ተወ። የትዕይንቱን ድርጊት ይረዱና ወዲያው ተነሥተው፣ ቃለ ተውኔቱን ሳይሸመድዱ፣ በራሳቸው አንደበት ይሞክሩታል። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመልሰው ምን እንደጎደላቸው ያያሉ፤ ዳግም ይነሣሉ። የደራሲው ቃል የሚመጣው ተዋናዩ ያን ቃል ሲራብ ነው። በሞተበት ዓመት በዚህ መንገድ የሞሊየርን «ታርቲዩፍ» ከሚካኤል ኬድሮቭ ቡድን ጋር እያዘጋጀ ነበር፤ ትርኢቱ በ1939 ቀረበ።

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ስላልተዘጋ ወራሾቹ ተጣሉበት። ኬድሮቭ አካላዊ ተግባሩን አጉልቶ ያዘ፤ ለመንግሥቱም የሚስማማው ይህ ነበር። በ1936 ስታኒስላቭስኪ ወደ ስቱዲዮው የጠራት ማሪያ ክኔቤል ደግሞ አካልን፣ ሐሳብንና ቃልን ሳትነጣጥል ያዘችው። እርሷ ከሞስኮ አርት ቴአትር እንድትወጣ ተደረገች። ወደ ማዕከላዊው የሕፃናት ቴአትር ሄደች፤ በመንግሥታዊው የቴአትር ተቋምም ለዓመታት አስተማረች። ኤፍሮስና ቫሲሊየቭ የእርሷ ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፏ በሩሲያኛ በ1959 ቢታተምም ለእንግሊዝኛ አንባቢ በቫሲሊየቭ አዘጋጅነት የደረሰው በ2021 ነው። 62 ዓመት! የአንድ መምህር ምርጥ ወራሽ ድምፅ ይህን ያህል ሊዘገይ የሚችለው ማስተማሯ እንደ ተራ ሥራ፣ መጻፍ ብቻ እንደ ውርስ ስለተቆጠረ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ሻሮን ካርኒኪ በ1998 ባሳተመችው ጥናት የኒው ዮርኩንና የሞስኮውን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጣ ልዩነቱን ቃል በቃል ተከተለች። ራሷም ተዋናይት ናት፤ ስለዚህ አንድ ቃል ሲለወጥ መድረክ ላይ ምን እንደሚለወጥ ታውቅ ነበር። ዣን ቤነዴቲ በ2008 ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ጥራዝ ዳግም ተረጎመ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሰፍቷል። ጆናታን ፒችስና ስቴፋን አኩዊሊና በ2017 ያዘጋጁት ጥራዝ ሥርዓቱ ወደ ቻይና፣ ወደ ላቲን አሜሪካ፣ ወደ አፍሪካና ወደ ሌሎች አህጉራት ሲሻገር ምን እንደሆነ ይመረምራል። በሊድስ ዩኒቨርሲቲም በስሙ የተሰየመ የምርምር ማዕከል አለ። የእነዚህ ጥናቶች ትልቁ ለውጥ «ማን በትክክል ተረዳው?» ከሚለው ጥያቄ «በየአገሩ ምን ተደረገበት?» ወደሚለው መሻገራቸው ነው። ሁለተኛውን እወደዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን ቶሎ መቅበር አልፈልግም። ዓይኑን ጨፍኖ የሞተ ዘመዱን የሚያስታውስ ተማሪ ፊት «ሁሉም አተረጓጎም እኩል ነው» ማለት አይቻልምና።

በእኛስ? የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ የተማሩ መሆናቸው አንዳንዱን ሰው ያጓጓዋል፤ ነገር ግን የተማሩት የጦር ትምህርት ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ስታኒስላቭስኪ የዘር ሐረግ መዘርጋት ምኞት ነው። የእኛ እውነተኛ መንገዶች በኋላ የመጡና ብዙ ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በለንደን ሮያል ኮርትና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቴአትርን ተመልክተዋል። ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ደበበ እሸቱ በሃንጋሪ ሠልጥነዋል። እያንዳንዱ አገር የራሱ ስታኒስላቭስኪ ነበረው፤ ወደ አዲስ አበባ ልምምድ ክፍሎችም በየፊናቸው የገቡት አንድ ላይ ሳይሆን ተደባልቀው ነው። አንዱ መምህር «ዓላማ» ሲል ሌላው «ተልእኮ» ይል ይሆናል፤ ይህ የቃል ምርጫ ከየትኛው ከተማ እንደመጣ የሚነግረን ምንጭ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። በተማሪዎች ደብተር፣ በአዘጋጆች የተሰረዘ ቃለ ተውኔትና በአንጋፋ ተዋንያን አንደበት ውስጥ ነው።

የካርኒኪን ሥራ በአማርኛ ለመሥራት ከፈለግን መነሻው እነዚህ ደብተሮች ናቸው። በመጪው መንፈቅ ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር የምንጀምረው በሦስት ቃላት ብቻ ነው፤ ዛዳቻ፣ ኩሶክ፣ ፔሬዢቫኒዬ። ደብተር ያላችሁ፣ የአባቶቻችሁንና የእናቶቻችሁን የልምምድ ማስታወሻ ያስቀመጣችሁ፣ እነዚህ ቃላት በየትኛው አማርኛ እንደተጻፉ ብታሳዩን ኮፒ አድርገን ወዲያው እንመልሳለን። ለጥያቄና ለክርክር ጊዜ እንዲተርፈን እዚህ ላይ ላቁም።